ራሴንም ጨምሬ የቆለፍኩባት ረቡዕ

በዚያች ረቡዕ ጠዋት የነበርነውን አንድ በአንድ ልቁጠር፤ ኋላ «እኔም ነበርኩ» ባዩ እንዳይበዛ። አያ ሞላ፣ የማኅበራችን ሊቀ መንበር፣ በሩ ላይ በተዘረጋው አንገረብ፣ በጠፍር አልጋው ላይ ተቀምጠው። እታለም ጥሩወርቅ፣ መዝጋቢያችን፣ ከጠረጴዛዋ ጋር። ሰሚራ፣ ካርቱም ተወልዳ ያደገችውና ጦርነቱ ወደ ገዳሪፍ ያመጣት ስልክ አንሺያችን፣ መስኮቱ ሥር። ዝናሽ፣ ከመተማ በኩል ወንድሟን ፍለጋ የመጣች እንግዳ፣ መግቢያው ላይ ቆማ፤ ተቀመጪ ብትባል እንቢ ብላ። ሹፌሩ አደም፣ ውጭ፣ ሎሪው ላይ። ክፍሎም፣ የሾዋክ ወኪላችን፤ እሱ በአካል ሾዋክ ነበር፣ በስልክ ግን ከማናችንም በላይ ስለነበረ እቆጥረዋለሁ። ሰባተኛው እኔ ነኝ። ጥፋቱም የእኔ ነው።

እኔ ዝምተኛ ነኝ። ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምናገረው ቢጠራቀም አንዲት ገጽ አይሞላም፤ በጽሑፍ ግን እንደምታዩኝ ነኝ። የኮምፒውተር ሥራ የተማርኩት ከአንድ የሞባይል መጠገኛ ሱቅ ጀርባ ተቀምጬ፣ ድምፅ ማጉያው በተበላሸ ስልክ የትምህርት ቪዲዮ እያየሁ ነው። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ያለ ድምፅ ተማርኩ። ስለዚህ ብዙውን ቃል እንዴት እንደሚጠሩት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጣት የት የት እንደሚሄድ ግን አውቃለሁ። መምህሩ በየቪዲዮው መጨረሻ ፈገግ ብሎ የሚናገራት አንዲት ነገር ነበረች። ከዕውቀቱ ሁሉ የቀረችብኝ ዋና ቁም ነገር እሷ ትመስለኝና እቆጭ ነበር። የሚሰማ ስልክ ሳገኝ ለካ «ለጓደኞቻችሁ አጋሩ» እያለ ነው።

የማኅበራችን ሥራ አንድ ነው፦ ለአረምና ለአጨዳ ከጎንደር፣ ከቋራ፣ ከመተማ የሚመጣውን ወገን መመዝገብ። ስም፣ የመጣበት ቀበሌ፣ የቤተሰብ ስልክ፣ የሚገባበት እርሻ፣ የሚወስደው ወኪል። በዚህ አገር ያለው እርሻ ጫፉ አይታይም። ሰው ውስጡ ገብቶ ጠፋ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም፤ ሰሊጥ እያረመ ነው። የትኛው ሰሊጥ ውስጥ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው የጠፋው። ይህን ሁሉ እታለም ጥሩወርቅ በደብተር ትይዘው ነበር። እኔ መጣሁና ወደ ኮምፒውተር ለወጥኩት፤ ሰው ከስልኩ ከፍቶ ዘመዱን እንዲፈልግ አደረግኩ። ለመክፈቻውም ለቢሮው አንድ የይለፍ ቃል ሰጠሁ።

እዚህ ላይ ስለ ዚሩ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ከቢሯችን ደጅ፣ ከኒም ዛፏ ጥላ ሥር፣ ሁለት ዚር አለ። ዚር ውሃ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ነው። በዚህ አገር ደጅህ ላይ ታቆመዋለህ፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይጠጣል፤ ማንም ማንንም አያስፈቅድም። ኩባያው አንድ ነው፣ የሁሉም ነው። ኩባያውን ወደ ቤቱ አስገብቶ የሚቆልፍ ሰው ካለ ሰፈሩ ሰላምታ ይነሳዋል።

አያ ሞላ የይለፍ ቃሉን ከዚሁ ኩባያ ለይተው አላዩትም። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው እየገባ ቃሉን ሲጠይቃቸው ሰለቻቸውና ከዚሩ በላይ ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፉት።

«ወንድሙን ፍለጋ አገር አቋርጦ የመጣን ሰው ውሃ አጠጥቼ ቃሉን ልከልክለው?» አሉኝ። «ምን ሊለኝ ነው?»

ሰው ውሃውን ይጠጣል፣ ቀና ይላል፣ ቃሉን ያነባል፣ መዝገቡን ይከፍታል። ስምንት ወር እንዲህ ኖርን። እኔ ምን አደረግኩ? እውነቱን ልናገር። አያ ሞላ ከጻፏቸው ፊደሎች አንዱ ጠማማ ነበር። ሰው እንዳይሳሳት ብዬ አጥፍቼ፣ ማስመሪያ ይዤ፣ አስተካክዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ከቋራ አንድ አባት እያለቀሱ መጡ። ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ደውሎ «ልጅዎ በትራክተር ተገጭቷል፣ ለሕክምና ቶሎ ላኩ» ብሏቸዋል። የልጁን ስም እስከ አያቱ ያውቃል፤ የገባበትን እርሻ ያውቃል፤ የወኪሉን ስም ሳይቀር ያውቃል። እሳቸው መላክን ትተው ራሳቸው ተነሡ። ልጁን ስናስጠራው ፉል ሲበላ ተገኘ። አባትየው አገላብጠው አዩት፣ ደህና መሆኑን አረጋገጡ፣ ከዚያ በጥፊ አጮሉት። ልጁ እስካሁን ለምን እንደተመታ ሲጠይቅ ይኖራል። እኛ ግን ደዋዩ ያን ሁሉ ከየት እንዳወቀ መጠየቅ አላስፈለገንም። ሁላችንም ወደ ግድግዳው ዞር ብለን አየን።

በማግሥቱ ተሰበሰብን፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በስብሰባ ላይ ረጅም ንግግር አደረግኩ። ጥንቃቄ የሚባለው ነገር ፕሮግራሙ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ከላይ የሚለጠፍ አይደለም፤ ስንጽፈውም፣ ስንፈትሸውም፣ ሥራ ላይ ስናውለውም አብሮ የሚሠራ ነው አልኩ። ሠሪውና ጠባቂው አንድ ላይ ይዋሉ አልኩ። ሰሚራ አዛጋች። ስለዚህ በሌላ መንገድ ሞከርኩ።

«አያ ሞላ፣ ሰሊጥ ውስጥ አሸዋ ቢገባ መቼ ይለቀማል?»

«ስታጭድ ትጠነቀቃለህ፤ ስታራግፍ ሸራ ታነጥፋለህ፤ ስትሰፍር ታበጥራለህ። መኪና ላይ ከተጫነ በኋላማ ምኑን ትለቅመዋለህ?»

«እንግዲያው የእኔም ነገር ይኸው ነው።»

«ታዲያ እንዲህ አትልም ኖሯል?» አሉና ለሌሎቹ ከእኔ አሳምረው አስረዷቸው። በአንድ ድምፅ አለፈ።

ችግሩ የመጣው እኔ ነገርን በልክ ማድረግ ስለማልችል ነው። አሥራ አንድ ሕግ ጻፍኩ። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ የይለፍ ቃል፣ ከአሥራ አራት ፊደል የማያንስ፣ በየወሩ የሚቀየር። እያንዳንዱ ሰው የሚያየው ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ፤ ክፍሎም የሾዋክን ብቻ፣ እኛ የገዳሪፍን ብቻ። ከሁለቱ ቢሮዎች ኢንተርኔት ውጭ መግባት ክልክል። በፕሮግራሙ ላይ አንዲት መስመር እንኳ ብትቀየር፣ እኔ የጻፍኩትን ክፍሎም ሳያየውና ሳይፈቅድ ሥራ ላይ አትውልም። ክፍሎም ቢፈቅድ እንኳ፣ አንድ አውቶማቲክ ፈታሽ ሁሉን ነገር ከላይ እስከ ታች ይመረምራል፤ ያልወደደውን ይጥላል። ከዚያች ረቡዕ በፊት በነበረው አርብም የእታለም ጥሩወርቅን ደብተሮች አቃጠልን። እሷ ጭሱን እያየች «ይህን ቀን መዝግብልኝ» አለችኝ። እንደተባረክሁ ቆጥሬ መዘገብኩላት።

አፈጻጸሙ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። አያ ሞላ የይለፍ ቃላቸውን ያደረጉት አገር ቤት ሳሉ ያርሱበት የነበረውን በሬ ስምና ሙገሳውን ነበር። ጥሩ ቃል ነው፤ ረጅም ነው። ነገር ግን ሲጽፉት እየጮኹ ነው። ድምፅ ሳያወጡ መጻፍ አይሆንላቸውም። በሹክሹክታ ያድርጉት አልናቸው። የአያ ሞላ ሹክሹክታ ከመንገዱ ማዶ አህያ ያስደነብራል። በሁለተኛው ቀን ከዚሩ ውሃ የሚጠጣ አንድ ሰው «አያ ሞላ፣ ቦራው በሬ ዳኛው በሬ ነው ወይስ ዳኛው ቦራው?» ብሎ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም አረሙት።

ሰሚራ ለሰርግ ሂና ስትቀባ የይለፍ ቃሏን መዳፏ ላይ ከአበባው መሐል አስጻፈችው። «ያ ዞል፣ ሂና ሁለት ሳምንት ነው የሚቆየው፤ ቃሉን በየሁለት ሳምንቱ እቀይራለሁ፤ አንተ በየወሩ አላልክም? ወላሂ ከሕጉ በላይ ነኝ!» አለችኝ። «ያ ዞል» አንተ ሰው እንደማለት ነው። ሰርጉ ላይ መዳፏን ያላደነቀ አልነበረም።

ከዚሩ የሚጠጣው ሰው ደግሞ ግድግዳው መጽዳቱን ሲያይ አኮረፈ። «ኩባያውን ደበቃችሁት» ነው የሚሉን። ዘመዱን የሚፈልግ ሰው ገብቶ እታለም ጥሩወርቅን መጠየቅ እንዳለበት ብናስረዳም፣ «ትናንት እንዲህ አልነበራችሁም» ይላሉ። አያ ሞላ በዚህ በጣም አዘኑ። ሁለት ጊዜ ከሰል ይዘው ከዚሩ አጠገብ ሲንጎራደዱ ደርሼባቸዋለሁ።

ማክሰኞ የመጨረሻውን ቁልፍ ሠራሁ፦ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የተሳሳተ ሰው ለአንድ ቀን ሙሉ ይዘጋበታል። ክፍሎም አይቶ ፈቀደ፤ ፈታሹ አለፈ። እኔም ኮራሁ። አያ ሞላ ማታ ሲወጡ ቆም ብለው፣

«አንተ ልጅ፣ ምናልባት አንድ ቀን ቢቸግረን ለክፉ ቀን አንዲት ሽንቁር አልተውክም?» አሉኝ።

«አንዲትም» አልኩ፤ እየኮራሁ።

ረቡዕ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ አያ ሞላ ሊገቡ ሞከሩ። በመጀመሪያው የበሬውን ስም አሳሳቱ። በሁለተኛው ሙገሳውን አስቀደሙ። በሦስተኛው ያለፈውን ወር በሬ ጻፉ። ተዘጋባቸው። እሺ፣ ደንቡ ነው። እታለም ጥሩወርቅ ልትገባ ስትል፣ ተዘግቷል። ሰሚራ፣ ተዘግቷል። እኔ በተረጋጋ መንፈስ ተቀመጥኩና የይለፍ ቃሌን፣ ሃያ ሁለት ፊደል ነው፣ አንድም ሳልስት ጻፍኩ። ተዘግቷል።

ስህተቴን ያየሁት ያኔ ነው። ስህተት የምቆጥረው በሰው ሳይሆን በኢንተርኔት አድራሻ ነበር። ሩቅ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ቢሯችንን የሚያየው እንደ አንድ ሰው ነው፤ ሁላችንም የምንወጣው በአንድ መስመር ነዋ። አያ ሞላ ሲሳሳቱ አራታችንም ተሳሳትን። በስልኬ ዳታ ልግባ ብል፣ ከቢሮዎቹ ውጭ መግባት ክልክል ነው፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ክፍሎም ከሾዋክ ገብቶ ይይልን ብል፣ ክፍሎም የሚያየው የሾዋክን ብቻ ነው፤ እሱንም ያደረግኩት እኔ ነኝ። የትኛውንም በር ባንኳኳ ከኋላው ቆሜ የምከለክለው እኔው ነኝ።

«ነገ ይከፈታል» አልኩ። ይህን ስል ዝናሽ ገባች።

ነጠላዋ አቧራ ለብሷል። ጫፉን ቋጥራ በጡጫዋ ጨብጣዋለች። «አስማረ የሚባል ወንድም አለኝ» አለች። «ሰኞ በዚህ አልፏል። ወደ ሀዋታ በኩል ለአረም ከተወሰዱት ጋር ነው አሉኝ። የትኛው እርሻ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ ተባልኩ።»

«በደህና ነው የምትፈልጊው፣ እኅቴ?» አለቻት እታለም ጥሩወርቅ።

ዝናሽ ቋጠሮውን ፈታች። ኪኒን ነው። «የሚጥል በሽታ አለበት። በዚህ ኪኒን ነው ደህና የሆነው፤ ከወሰደው ይኸው ሦስት ዓመቱ አልጣለውም። ሲቸኩል ቤት ረስቶት ሄደ። ካልዋጠ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ማጭድ ይዞ ነው የሚውለው፤ አጠገቡም የውሃ ጉድጓድ ይኖራል።»

ከደቡብ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ኸሪፍ እየገባ ነው፤ ኸሪፍ እዚህ ክረምቱ ነው። የዚህ አገር ጥቁር አፈር አንዴ ውሃ ከጠጣ ከዋናው መንገድ የወጣ መኪና አይመለስም፤ እርሻ ውስጥ ያለ ሰው ለሳምንታት እዚያው ነው፣ ስልክም አይሠራለትም። ውጭ የቆመው የአደም ሎሪ ወደ ሀዋታ እርሻዎች ከመዘጋታቸው በፊት የሚገባ የመጨረሻው ነበር። አደም በረጅሙ ጥሩምባውን ነፋ።

እታለም ጥሩወርቅ እኔን እያየች «አስማረን አስታውሰዋለሁ» አለች። «ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለች። የእናቱን ስም ስጠይቀው ሳቀ። የትኛው እርሻ እንደላኩት ግን አላስታውስም፤ በዚያ ቀን ስልሳ ሰው ነው የመዘገብኩት። ደብተር ቢኖረኝ ኖሮ የሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ እጽፈው ነበር። ደብተሮቼን ግን አርብ ዕለት አሞቅከን።»

ዝናሽ ወደ እኔ ዞረች። «ታዲያ የምን ችግር ነው? መዝገቡ እዚህ የለም?»

«አለ» አልኩ። «ተቆልፏል።»

«ማን ቆለፈው?»

«እኔ።»

«እና ክፈተዋ።»

በሕይወቴ እንደዚህ ቀላል ሆኖ እንደዚህ ያፈርኩበት ንግግር አላጋጠመኝም። ለአያ ሞላ ደቂቃ እንደሚያስፈልገኝ፣ ሎሪው እንዳይሄድ ነገርኳቸው። «ስንት ደቂቃ?» አሉ። «ሃያ።» ተነሡ፣ ነጭ ጃለቢያቸውን አራገፉ፣ ወጡ።

ከዚህ በኋላ ያደረጉትን በመስኮት አየሁት። የሱዳን ሰላምታ ታውቃላችሁ። እንዴት ነህ ተብሎ አያልቅም፤ ቤቱ፣ ልጆቹ፣ እናቱ፣ ከብቱ፣ ጤናው ይጠየቃል፤ ተጠያቂውም በተራው ይጠይቃል፤ መሐል ላይ ማቋረጥ ነውር ነው። አያ ሞላ በዚያ ድምፃቸው ከአደም ጀመሩ። የአደምን አጎቶች ጨርሰው ወደ ሎሪው ጎማዎች ወረዱ። አደም «ያ ሐጅ፣ መጠር!» እያለ ወደ ደመናው ይጠቁማል፤ ዝናብ መጣ ማለቱ ነው። እሳቸው «አልሐምዱሊላህ፣ የዝናቡስ ቤተሰቦች እንዴት ናቸው?» ከማለት በቀር ያላሉት አልቀረም። ከዚያ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞሩ፤ አንድ በአንድ።

ፕሮግራሙ የሚጻፍበት ቦታ ከመዝገቡ የተለየ ስለሆነ አልተቆለፈም፤ የተቆለፈውን መስመር ለማንሣት እዚያ ቀየርኩት። አራት ደቂቃ ፈጀ። አሁን ክፍሎም ይፍቀድ። ደወልኩ፤ አይሠራም። ደወልኩ፤ አይሠራም። በሰባተኛው ተነሣ፤ ነፋስ ይሰማል።

«ክፍሎም! የት ነህ?»

«የውሃ ታንከር ላይ ወጥቻለሁ፤ ኔትወርክ እዚህ ብቻ ነው ያለው። ምን ሆንክ?»

«አንድ ለውጥ ልኬልሃለሁ፤ አሁኑኑ ፍቀድልኝ። የሰው ነፍስ ነው።»

ክፍሎም በመንደር 8 የስደተኞች መቀበያ በኩል ከመምጣቱ በፊት ሑመራ የሒሳብ መምህር ነበር። ተማሪ «አሁኑኑ» ሲለው አይወድም።

«ሐወይ» አለ በዝግታ፤ በትግርኛ ወንድሜ ማለቱ ነው፤ «በስልክ አስቸኳይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ማንነቱ ይጣራ ብለሃል። ቁጥር ስድስት። ራስህ ነህ የጻፍከው።»

«እኔ ነኝ እኮ!»

«እሱን ነው የማጣራው። መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ሾዋክ ገበያ ምን በላን?»

ፉል ብል በቂ ነበር። ግን ነገርን በልኩ መመለስ አልችልም አልኳችሁ። «ፉል፣ በሰሊጥ ዘይት፣ ከላዩ ሽንኩርትና ጂብና።»

«ተሳስተሃል። ጂብናው አልቆ ነበር።»

«አይቡማ ነበረ! እኔ አስታውሳለሁ፣ ፍርፍር ነበር!»

«ጂብና አልቋል ብለው በምትኩ ቲማቲም ነው ያደረጉልን።»

«ቲማቲሙ ከጎን ነበር!»

ዝናሽ አንዴ እኔን፣ አንዴ እታለም ጥሩወርቅን አየች። «ስለ ፉል ነው የሚጨቃጨቀው?»

እታለም ጥሩወርቅ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ክፍሎም! እኔ ነኝ። ይህ ልጅ እሱ ራሱ ነው። ሌላ ሰው እንደዚህ አያደክምም።»

«እሱስ ልክ ነሽ፣ እታለም» ሲል ሰማሁት። «ግን አንድ ጥያቄ ይመልስ። የመጨረሻውን ዳቦ ማን በላው?»

«እኔ» አልኩ።

«አሁን ሰላም ነው። ለውጡን ልየው።»

እስኪያይ ጠበቅን። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮው ላይ ወደቁ፤ ለየብቻ መቁጠር ይቻል ነበር። ከውጭ የአያ ሞላ ድምፅ፣ «አንተስ ልጄ፣ አባትህ ማን ይባላል?»

«ሐወይ» አለ ክፍሎም።

«ፈቀድክ?»

«አልፈቀድኩም። ቁልፉን ስታነሣ ከሥሩ ያለውንም መስመር አብረህ አጥፍተኸዋል። ያ መስመር ምንድን ነው?»

አየሁት። የይለፍ ቃል ልክ መሆኑን የሚመረምረው መስመር ነው። ክፍሎም ቢፈቅድልኝ ኖሮ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማንም ሰው፣ ምንም ቃል ቢጽፍ፣ ባይጽፍም፣ የሁሉንም ሰው ስም፣ ስልክና እርሻ ያይ ነበር። የግድግዳው ከሰል እንኳ ቢያንስ ዚሩ ድረስ መምጣት ይጠይቅ ነበር። ተቻኩዬ እንደማልጽፍ እኔው አንድ ቦታ ጽፌያለሁ።

«ቁጭ በል» አለኝ ክፍሎም። «አንድ መስመር ብቻ ነው። ቀስ ብለህ ጻፈው፤ እኔ ከታንከሩ አልወርድም።»

ቀስ ብዬ ጻፍኩ። ቆጠራው በአድራሻ ሳይሆን በሰው እንዲሆን ቀየርኩ። ላክሁ፣ አየ፣ ፈቀደ። ፈታሹ መመርመር ጀመረ፤ ሁልጊዜ ሦስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ሦስት ደቂቃ ይህን ያህል ረጅም መሆኑን ዝናሽ ነጠላዋን ስትቋጥርና ስትፈታ እያየሁ ነው የተማርኩት። በመጨረሻ ቀይ መጣ። ጣለው።

«ደግሞ ምን ይላል?» አለች ሰሚራ።

ስሞክር የራሴን የይለፍ ቃል ፕሮግራሙ ውስጥ ጽፌ ረስቼዋለሁ። ሃያ ሁለቱንም ፊደል። ፈታሹ አይቶት «ይህ ሚስጥር ይመስላል» ብሎ አንገቴን ያዘ። ይህን እንዲይዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ያስተማርኩት ደግሞ ለአያ ሞላ ብዬ ነበር።

«ኸላስ፣ በቃ አንተም ግድግዳ ላይ ጽፈህ ነበር በለኛ» አለችኝ ሰሚራ። አጠፋሁት፣ አዲስ የይለፍ ቃል ቀየርኩ፣ ላክሁ። ክፍሎም አየ። ሦስት ደቂቃ። ሰሚራ ዝናሽ አጠገብ ሄዳ ሂና ባለው እጇ እጇን ያዘቻት። አደም ሞተሩን አስነሣ። አረንጓዴ።

እታለም ጥሩወርቅ ገባች። «አስማረ… አስማረ… ይኸው! ባለ ጠባሳዬ! እርሻ ቁጥር አሥራ አራት፣ ከሀዋታ መንገድ በስተግራ፣ ወኪሉ ሐሚድ።» እኔ ወረቀት ፍለጋ ስዞር ዝናሽ ቀድማ ወጥታለች። አያ ሞላ ስድስተኛውን ተሳፋሪ አባቱን እየጠየቁ ነበር። ስታልፍ ክንዷን ይዘው ሎሪው ላይ አወጧት፣ ለአደም እርሻውን ነገሩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜም በሰባት ቃል ሰላምታ ጨርሰው ተሰናበቱ። ሎሪው ሲሄድ ዝናቡ ወረደ።

ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራንም። አያ ሞላ በርጥብ ጃለቢያቸው ተቀምጠው፣ «ስማ፣ እኔ እንዳሳሳትኩት አውቃለሁ። ግን አንድ ሰው ሲሳሳት ቤቱ ሁሉ ተቆልፎ መቅረት የለበትም» አሉኝ። ልክ ናቸው። ለክፉ ቀን አንድ መንገድ እንድንተውም ተስማማን፤ ሽንቁር ሳይሆን በር፦ ሁለት ሰው አብሮ ሲከፍት ብቻ የሚከፈት፣ ማን መቼ ለማን ብሎ እንደከፈተውም ራሱ የሚጽፍ። ክፍሎም ደግሞ ሕጎቼን አንድ በአንድ አንብቦ እንደ ተማሪ ደብተር በቀይ አረመልኝ። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ብቻ ተረፉ። ከአሥር ስንት እንደሰጠኝ አልናገርም።

እታለም ጥሩወርቅም የሚመጣውን ሁሉ ራሷ ትጠይቃለች፣ ራሷ ትመልሳለች፤ ሰውም ለምዶታል። ጠጥተው ይገባሉ፣ ተቀምጠው ያወጋሉ። አንድ ቀን አንድ ሰው ገብቶ «የአጎቴን ልጅ እርሻ ንገሪኝ» ሲላት የአጎቱን ስም ጠየቀችው፤ ሳይመልስ፣ ውሃም ሳይጠጣ ሄደ። ያን ዕለት አያ ሞላ ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን ከሰል አውጥተው ምድጃው ውስጥ ጣሉት።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ስልክ ጮኸ። ሰሚራ አነሣችና ምንም ሳትል ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው። አስማረ ነው፤ ኔትወርክ ፍለጋ የሰሊጥ ማከማቻው ጣሪያ ላይ ወጥቶ። ደህና ነው። ሐሙስ ጠዋት አንዴ ጥሎት እንደነበር፣ ዝናሽ በዚያኑ ቀን ከቀትር በኋላ እንደደረሰች፣ ከዚያ ወዲህ እንዳልጣለው ነገረን። «አሁን እሷም እዚህ ታርማለች፤ መንገዱ ተዘጋባት» አለ እየሳቀ። «ከእኔ ይልቅ እሷን ነው ወኪሉ የወደዳት።»

ከኋላ የዝናሽ ድምፅ መጣ። «ያን የፉል ልጅ ሰላም በሉልኝ!»

እንዴት እንደደረሰች የነገረችን ጥቂት ነው። ሎሪው ከእርሻው በፊት ባለው፣ ኾር በሚሉት የክረምት ወንዝ ላይ፣ ውሃው ሞልቶ፣ ቆመ። ተሳፋሪዎቹ ወርደው እስከ ደረታቸው ውሃው ውስጥ ተሰለፉ። ኪኒኑ በነጠላዋ እንደተቋጠረ፣ ከራስ በላይ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሻገረ። አንድም ፍሬ አልረጠበም አለች። ስንት ሰው እንደነበረ ስጠይቃት ኔትወርኩ ተቋረጠ።

እንግዲህ እኔ የማውቀው በዚህ ያበቃል፤ ከቢሮው መስኮት ወዲያ አላየሁም። በዚያ ሎሪ ላይ የነበራችሁ፣ አያ ሞላ አባታችሁን የጠየቋችሁ ስድስታችሁም፣ ሳይጠይቋችሁ ያለፏችሁም፣ ይህን ካነበባችሁ የጎደለውን ጨምሩልኝ። ውሃው እስከ የት ደረሰ? አደም መሪውን ትቶ ወረደ ወይስ አልወረደም? በተለይ ግን ያን ቋጠሮ ከዝናሽ እጅ መጀመሪያ የተቀበለው ማን ነው፣ ከእሱስ ማን፣ ከዚያስ? አንድ ስም ሳትዘሉ፣ በቆማችሁበት ቅደም ተከተል ንገሩኝ። መዝገቡ ላይ ቦታ ትቼላችኋለሁ።